ለገና የምልክልሽ ጥቁር ከረሜላ

ይድረስ ለእህቴ ለሂልካ፣ ካናዳ

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ባልሽን ሬይኖን ያ ሳል ለቀቀው? እኔና ባለቤቴ ኢርያ ደህና ነን፤ ይህችን «ደህና» ለመጻፍ ግን ስድስት ሳምንት ጠብቄያለሁ።

በጥር ራሴን ይፈልጠኝ፣ እግሬም ይዝል ጀመር። ኢርያ «አንተ ግትር ሽማግሌ፣ ሬሳህን ከምጎትት አሁኑኑ ልጎትትህ» ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የደም ግፊቴ ሰማይ ነክቷል፤ በደሜ ያለው ፖታሲየም የሚሉት ጨው ደግሞ ወርዷል። ዶክተር ሳሬላ ከኩላሊት በላይ የምትቀመጠውን አድሬናል የተባለች ዕጢ ጠረጠረች። ሲቲ ስካን ተነሣሁ፤ በግራ በኩል የወይን ፍሬ የምታህል እባጭ ተገኘች። ካንሰር ልትሆን እንደምትችል፣ ምናልባትም በቀዶ ጥገና እንደምትወጣ ነገረችኝ።

«ምስሉን በዓይኔ ሳላይ ቢላ አይነካኝም» አልኳት፤ አሳየችኝ። ሰውነቴ እንደ ግንድ አግድም ተቆራርጦ ተደርድሯል። አርባ ዓመት በእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ የተቆረጠ ግንድ አፍ እያየሁ የበሰበሰውን ስለይ ኖሬ የለ? እባጯ ጠቁራ ባያት «በስብሳለች፣ አለቀልኝ» አልኩ። ዶክተሯ ሳቀች። «አባባ፣ እዚህ ላይ እንዲህ የጠቆረው ስብ ነው። ስብ የሞላት እባጭ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለችም» አለች። በደም ምርመራም ዕጢዋ ግፊት የሚያመጣውን ሆርሞን አብዝታ ስታመነጭ አልተገኘችም። ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? እሷም ግራ ገባት።

እያሰበች ሳለ ያን ከጣፋጭ ተክል ሥር የሚሠራውን የአገራችንን ጥቁር ከረሜላ ከኪሴ አውጥቼ ጋበዝኳት። «በቀን ስንት ይበላሉ?» አለችኝ። «አንድ ከረጢት። ለሆድ መድኃኒት ነው፣ መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ» አልኳት። ኢርያ «እንደ ላም ሲያመነዥክ ነው የሚውለው» ብላ አጋለጠችኝ። ዶክተሯም «ጥፋተኛው ኪስዎ ውስጥ ነው፤ ያ ሥር ሲበዛ ፖታሲየም ያራግፋል፣ ግፊት ይሰቅላል» አለች።

አላመንኳትም። መሳሳቷን ላሳያት ስል ብቻ ከረሜላውን ትቼ ጠዋትና ማታ ግፊቴን ለካሁ። በአራተኛው ሳምንት ወረደ። ትናንት ሄጄ «ልክ ነሽ» ስላት ኢርያ አፏን ይዛ ቀረች። እባጯ ወደፊት እንደገና በምስል ትመረመራለች፤ ቢላው ግን ቀርቷል።

አንቺም ግፊት እንዳለብሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ሃያ ዓመት በየገናው ከረሜላውን በሳጥን እየላክሁ «ብዪ፣ መድኃኒት ነው» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። የቀረውን ጣይው፣ ለሐኪምሽም ንገሪ። የታዘዘልሽን ክኒን ግን በራስሽ አታቋርጪ።

ለልጅሽ ለማሪታና ለልጆቿ ሰላምታዬ ይድረስ። ሬይኖንም ሰላም በይልኝ፤ ሳጥኑን ለራሱ እንዳይደብቅ ተቆጪው። ኢርያ ትስምሻለች፤ ለመጪው ገና የሱፍ ካልሲ ጀምራልሻለች።

ወንድምሽ ካሌርቮ
ኩህሞ፣ ፊንላንድ፣ መጋቢት 9 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.