ለእኔ ብለሽ የወሰድሽው ዕጣ

ላምበርትሴተር፣ ኦስሎ
ጥቅምት 2002 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሐረገወይን፣

እርስዎ ስልሽ «አሮጊት አታድርጊኝ» ስለምትይኝ እንደለመድኩት አንቺ እልሻለሁ። በርገን ልጅሽ ዘንድ እንዴት ሰነበትሽ? እኔና ልጄ ደህና ነን። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ወሬውን ወደ ልጄ ጥርስ እየመለስሽ አላስጨርስ አልሽኝ። ደብዳቤ ስለማይቋረጥ ጻፍኩልሽ።

ማክሰኞ ዕለት ባቡሩ ሊያመልጠኝ ሲል ሮጥኩ። ደረስኩበት፤ ልብሴም ደረቅ ነበር። ሌላ ሰው ይህ ምኑ ይጻፋል ይል ይሆናል። አንቺ ግን ከወለድኩ በኋላ ስስል፣ ስስቅ፣ ልጄን አቅፌ ደረጃ ስወጣ ምን እንደምሆን አይተሻል። ሐኪሜ «ከወሊድ በኋላ ያለ ነው፤ ታገሺ» ብሎ ሸኘኝ። ታገስኩ፤ አልተሻለኝም። ማዘጋጃ ቤቱ ውል የሰጣቸው ፊዚዮቴራፒስቶች ዘንድ ወረፋው ማለቂያ አልነበረውም። ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፎ የሚይዘውን ጡንቻ በደንብ የምታውቀው ባለሙያ ደግሞ ውል የላትም፤ እሷ ዘንድ የሚሄድ ሙሉውን ከኪሱ ይከፍላል። ባሌን ይድነቃቸውን ገንዘቡን ጠየቅኩት።

«ለሽንት ስፖርት ልክፈል?» አለኝ። «እናቴ ሰባት ወልዳለች፤ ማን አሠልጥኗት ነው?»

«እናትህን ጠይቀሃት ታውቃለህ?» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ለዘመዶቹ «ትምህርቷ አናቷ ላይ ወጣ፤ ባሏን አላስጠጋም አለች» እያለ አወራብኝ። ሕመሜን መሰደቢያ አደረገው። ይህን ይቅር አልለውም፤ ይቅር በዪው ብለው የሚመጡ ሽማግሌዎችንም በር ላይ መልሻቸዋለሁ። ልጄን ይዤ ስወጣ የፈራሁት እሱን አልነበረም። በሃያ ስድስት ዓመቴ ሰውነቴ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ ነበር የፈራሁት።

እዚህ ኦስሎ፣ ሃውገሩድ ቤትሽ ተቀብለሽኝ ጉዳዩን ስነግርሽ አላለቀስሽልኝም። «ስንት ትጠይቃለች?» አልሽኝ፤ በቃ። ገንዘቡን ከየት እንዳመጣሽው የነገረችኝ የዕቁባችሁ ዳኛ እትዬ ፋናዬ ናት። ተራው ሳይደርስ ዕጣ ይለቀቅልኝ የሚል ሰው ችግሩን በሁሉም ፊት አፍ አውጥቶ መናገር አለበት አይደል? «ለምን ፈለግሽው?» ብትልሽ «ሽንት መቋጠር አቅቶኛል፤ ልታከም ነው» አልሽ አሉ። አንዷ ሳቀች።

«ሳቂ» አልሻት። «ስታስነጥሺ እንገናኛለን።»

እትዬ ፋናዬ ይህን ስትነግረኝ በሳቅ እየፈረሰች ነበር። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ የሚነሱልሽ ሴትዮ፣ እኔ እንዳላፍር ብለሽ በእነዚያ ሁሉ ሴቶች ፊት የእኔን ነገር በራስሽ ስም ተናገርሽ።

ወደ ፊዚዮቴራፒስቷም አብረሽኝ ሄድሽ። የፕላስቲኩን የዳሌ አጥንት ይዛ ጡንቻውን እንዴት እንደምይዘውና እንደምለቀው ስታሳየኝ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ነበርሽ አንገትሽን ያሰገግሽው።

«ጠይቂልኝ እስቲ፣ ስድሳ ለሞላትም ይሠራል ወይ?»

«ለማን ነው?»

«ለአንዲት ጓደኛዬ። ዝም ብለሽ ጠይቂ!»

በማንኛውም ዕድሜ ይሠራል አለች። ራስሽን ነቀነቅሽ። የዕቁብ ሴቶች ቢጠይቁሽ የምትመልሺውን እያጠናሽ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በየቀኑ ሶፋሽ ላይ አጠገቤ ተቀምጠሽ «ያዢ... አሁን ልቀቂ» ትዪኝ ነበር። ስይዝ አንቺም ትንፋሽሽን ትይዢ ነበር፤ ስለቅ አብረሽኝ ትለቂ ነበር።

ማክሰኞ ባቡሩ ውስጥ ተቀምጬ ይህ ትዝ ሲለኝ ክው አልኩ። እትዬ፣ አንቺ እኮ አልዋሸሽም። በዕቁቡ ፊት እውነቱን ተናገርሽ፤ ከዚያ ገንዘቡን ለእኔ ሰጠሽ።

እንዴት ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ትንሽ ተቆጥቼሻለሁም። ምን ያህል ዓመት ነው ዝም ያልሽው? ማን ነው አንቺን «ታገሺ» ያለሽ? ስሙን ብትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቴን ብጠይቃት በርገን ውስጥ የምታውቃትን ባለሙያ ጠቆመችኝ። ከደሞዜ ከፍያለሁ፤ ቀጠሮሽ የሚመጣው ረቡዕ ነው፤ አድራሻው ከደብዳቤው ጋር አለ። ለዕቁቡ ውለታ እንዳይመስልሽ፤ እሱ የሚመለስ አይደለም። በልጅሽ ፊት ማውራት ካፈርሽ ደውዪልኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ በባቡር መጥቼ አስተረጉምልሻለሁ። «አርጅቻለሁ» የምትዪኝን ግን አልሰማም። ታውቂኛለሽ፤ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

አንድ ቀን ሳትፈሪ ስትስቂ ልሰማሽ እፈልጋለሁ።

አክባሪሽ ልጅሽ፣
ኤልዳና