“ጣ” የጠፋችበት ስም

ኅዳር 3 ቀን 2007፣ ሞጣ

እንደ ትናንቱ ዋለ። አሥራ አንድ ሚሞሪ ሞላሁ። ሰባቱ መዝሙር፣ ሦስቱ የገጠር ዘፈን፣ አንዱ የህንድ ፊልም። ፊልሙን ያስጫኑት እናት መጨረሻው የማያስለቅስ ይሁንልኝ አሉ። እኔ ምን አውቄ... ፎቶው ላይ የሚስቁበትን መረጥሁላቸው።

ከሰዓት በኋላ ከማሉዲን መጣ። የጋሽ ሙሐመድጣሂር ልጅ። ይህችን የሱቅ ጥግ ከጨርቃቸው መሀል ቆርሰው የሰጡኝ ጋሽ ሙሐመድጣሂር ናቸው። ላፕቶፕ ታቅፌ ሞጣ ስገባ የማን ልጅ እንደሆንሁ እንኳ በቅጡ አልጠየቁኝም። “ጠረጴዛ ይበቃሻል?” ብቻ ነው ያሉት። መቼም አልረሳውም።

ከማሉዲን የጭፈራ ቡድን አለው፤ ዘጠኝ ልጆች። ጥር 23 ብቸና ላይ የሦስት ቀን የወጣቶች ፌስቲቫል ይደረጋል። የሚመጣው ቡድን ሁሉ ሜዳው ላይ የራሱን ካምፕ መሥራት አለበት። ድንኳን ያለው ይገባል፣ የሌለው ቤቱ ይቀመጣል። አምና ቤታቸው ተቀመጡ። ከማሉዲን የመጣበት ነገር ታዲያ ምንድን ነው... ዘፈን ከዘፈን ቆራርጬ የምገጥመው ሚክስ በየሰዉ ስልክ ውስጥ በነጻ ይጨፈርበታል፤ ዘንድሮ ድንኳን ያምጣልን ነው የሚለው።

እሺ አልሁ። ብቸና መሆኑን ግን ደግሜ ጠየቅሁት።

ኅዳር 5

እናቴ ብቸና ናት። ድምፅዋን ከሰማሁ ሁለት ዓመት።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለራሴ ምን ያዋሸኛል? ደብረ ማርቆስ አካውንቲንግ እንድማር ላከችኝ። ወፍጮ ቤት ቆማ እየሰፈረች፣ ቅንድቧ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ያጠራቀመችውን የሁለተኛ ዓመት ክፍያ ላፕቶፕ ገዛሁበት። ስነግራት አልጮኸችም። “ከዛሬ ጀምሮ እንደሞትሽ ነው የምቆጥረው” አለችና ቁናዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ዞረች። እኔም ተናድጄ ሲም ቀየርሁ። ሁለታችንም ግትር። ከማን ወረስሁት ታዲያ...

ከእኔ በፊት ሁለት ወልዳ አንዳቸውም ዓመት አልሞላቸውም። የኔን ስም ያወጣችው ዓመት ሲሞላኝ ነው አሉ። እስከዚያ ፈርታ። አየሁሽ አለችኝ።

ኅዳር 12

መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ዛሬ ጠዋት መጣ። ተመስገን። እንዳይሄድብኝ እየተጣደፍሁ ሚክሱን ጨረስሁ። አርባ ደቂቃ። ከሥር ሀውስ የሚሉት የፈረንጅ ጭፈራ ከበሮ፣ ከላይ የእኛው እስክስታ፣ መሀል መሀል ላይ ማሲንቆ ቆራርጬ።

መነሻው ግን የወፍጮ ድምፅ ነው፤ ብቸና እያለሁ በስልኬ የቀዳሁት። ዱፍ ዱፍ ዱፍ ይልና በየስምንተኛው ምት ትንሽ ያነክሳል። ከማሉዲን ስህተት ነው አስተካክይው አለ። ኮምፒውተሩ በአንዴ ያስተካክለዋል። እንቢ አልሁት። ለምን? እንጃ... ሲያነክስ ነው ትከሻዬ የሚነሳው።

ኅዳር 13

ስም አወጣንለት። በአማርኛ ብጽፈው ግማሹ ስልክ ላይ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ፊደል። አየሁሽ፣ ሞጣ፣ ድንኳን። ስሜ፣ ከተማዬና የምንፈልገው ነገር። ነጠላ ሰረዝ አልቀበል ሲለኝ ተውሁት።

መግቢያው ላይ እንድናገር ከማሉዲን ለመነኝ፤ አፈርሁ። እሱ ገባበት። “ወገኖቼ፣ ለድንኳኑ ያቅማችሁን ጣል አድርጉ።” እንደ ሽማግሌ ረጋ ብሎ፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ። ስሰማው ራሴ ልሰጠው ምንም አልቀረኝ።

ታኅሣሥ 2

ጾም ስለሆነ ሰው ይቀንሳል ብዬ ነበር። መዋጮውን የምንሰበስብባት የወተት ጣሳ ግን እየከበደች ነው። ያለው የሚባለው የሚኒባስ ሹፌር እስከ ግንደወይን ለሚጭነው ሰው ሁሉ ሚክሱን በብሉቱዝ ያስተላልፋል፤ የሰበሰበውን በፖስታ አሽጎ ያመጣል። ለሻይ እንኳ አይቀንስለትም። ከግንደወይን ወዲያ ከስልክ ወደ ስልክ ነው፤ የት እንደደረሰ እግዜር ይወቀው።

ዛሬ አንዲት ልጅ ብር የለኝም ብላ ሁለት እንቁላል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሮጠች። ምን አድርጌላቸው ነው እንዲህ የሚሆኑልኝ?

ታኅሣሥ 11

አንድ የቅኔ ተማሪ ለመምህሩ መዝሙር ሊያስጭን መጣ። ስክሪኑ ላይ የፋይሎቹን ስም ያነብ ጀመር። የኔው ላይ ሲደርስ ቆመ። ይሄ ኅብር ነው? አለኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ቅኔ ላይ አንዱ ቃል ሁለት ሆኖ ሲፈታ እንዲያ ይባላል አለ። ሙዚቃውን ያደነቀ መስሎኝ አመሰገንሁት። ምነው አየኝ አየኝና ስሙን መልሶ አነበበ?

ቢሆንም ቀኑን ሙሉ እንደኮራሁ ዋልሁ።

ታኅሣሥ 27

ሹፌሩ ያለው ፖስታውን ሲሰጠኝ እየሳቀ ነው። ግንደወይን ላይ አንዲት አሮጊት ሳንቲማቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ከሰጡት በኋላ “ነፍስ ይማር” ብለው ሄዱ አለ። ድንኳን ሲባል ለቅሶ መስሏቸው ነው ተባብለን ሳቅን። አሮጊቷ አሳዘኑኝ ደግሞ። የማያውቁት ሰው ድንኳን እንዳይጎድልበት...

ጥር 2

ለኪራይ የሚሆን ገንዘብ አለ፤ ድንኳን የለም። ወሩ የሠርግ ነው። የሞጣን ድንኳን ሁሉ ሙሽራ ይዞታል። ከማሉዲን አማኑኤል ከተማ ድረስ ስልክ ደወለ፣ ያው ነው። አዲስ እንዳንገዛ ያለን አይበቃም። ከልጆቹ ትንሿ ትህትና “ዘንድሮም ቤታችን ነን?” አለችኝ። ይህን ሁሉ ሰው አስቸግረን ባንሄድ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ጥር 5

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፈው።

ጠዋት፣ ሱቅ እንደከፈትሁ። ሁለት ሚኒባስ ፊት ለፊታችን ቆመ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች እየጮኹ ወረዱ። የአንደኛው ጣሪያ ላይ ትልቅ ድንኳን ከነምሰሶው ታስሯል። ማን ሞቶ ይሆን ብዬ ሮጥሁ። አንዷን ሴት ይዤ ጠየቅሁ።

“የይርጋነሽ ልጅ” አለችኝ።

ይርጋነሽ እናቴ ናት። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ቆሜ ቀረሁ። አንድ አፍታ፣ እውነት ሞቼ ይሆን እንዴ አልሁ።

ከዚያ አየኋት። ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። ፊቷ ተቧጥሯል። አትጮኽም፤ ድምፅ አልቀራትም። ቀና ስትል ተያየን። ሴቶቹን ገፍታ መጣችና ጆሮዬን ያዘችኝ፣ በልጅነቴ ሳጠፋ እንደምትይዘው። ጭምቅ አደረገችው። አመመኝ። እንዳመመኝ ስታይ ለቀቀችው።

“በአፌ ነው የገደልኋት እያልሁ ነው የመጣሁት” አለች መሬት ላይ ተቀምጣ። “መንገዱን ሙሉ። በአፌ።”

“አለሁ እማዬ” አልኋት።

የእድራቸው ዳኛ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ የሰው ስልክ ይዘው ቀረቡ። ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ሚክሱ ከሞጣ፣ ከጋሽ ሙሐመድጣሂር ሱቅ የወጣ ነው እየተባለ ብቸና ደርሷል። በእንግሊዝኛ ፊደል ጣ እና ታ አንድ ነው። ሞጣ ብዬ የጻፍሁትን ያየ ሁሉ “አየሁሽ ሞታ ድንኳን” ብሎ አነበበው። ሲከፈት ደግሞ ከማሉዲን በዚያ ድምፁ ለድንኳኑ አዋጡ ይላል። ጭፈራው እስኪጀምር ማን ቆሞ ይሰማል፣ ማን ይጠራጠር? ደውለው እንዳይጠይቁ ቁጥሬን የሚያውቅ የለም። ሽማግሎቹ እንደ ወጉ ትናንት ማለዳ ሄደው መርዶ ነገሯት። ልጅቱ ሞጣ ዘመድ የላትም፣ ማን ያለቅስላታል ብለው እድሩን ከነድንኳኑ ጭነው መጡ። ለእኔ! ሁለት ዓመት ዞር ብዬ ላላየኋቸው...

“ሞጣ ነው አያ፤ ከተማው” አልኋቸው።

እሳቸው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ ሰው ናቸው። ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ሲስቁ ነው።

“አንዲት ጣ ጠፍታ ይህን ሁሉ ሰው አስለቀሰች” አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

የተቆጣም አለ። አንዷ ሟርተኛ ብላኛለች፤ እውነቷን ነው። ጋሽ ሙሐመድጣሂር ግን ምንም ሳይጠይቁ ምንጣፍ አነጠፉ። ለዚያ ሁሉ ሰው ዳቦና ሻይ አስመጡ። ከብቸና ድረስ መጥታችሁ ሳትቀመጡ የት ልትሄዱ ነው ብለው ለእያንዳንዱ በእጃቸው ሰጡ። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ሻይ እየጠጡ እኔን እያዩ ይስቃሉ፣ መልሰው ያለቅሳሉ።

ሊሄዱ ሲነሱ የከማሉዲን ዓይን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ፣ ድንኳኑ ላይ ነው። መጠየቅ አፈረ። እኔም አፈርሁ። አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ግን የድንኳኑን ነገር ራሳቸው አነሱት፤ ለምን እንደፈለግነው ጠየቁና ሰሙ።

“ይርጋነሽ ለእድሩ አሥራ ስድስት ዓመት ከፍላለች” አሉ። “ድንኳኑ በስሟ ወጥቷል። የወጣ ድንኳን ሳይተከል ቢመለስ ሟርት ነው፤ ሌላ ሟች ልንፈልግ ነው?”

ጥር 23 ሜዳው ላይ ተክለውት ይጠብቁናል።

ጥር 6

እናቴ አልተመለሰችም፤ እኔ ዘንድ አደረች። ጠዋት ስነቃ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛለች። እንዳትነቃብኝ ብዬ አልተነሳሁም። ሱቅ መክፈቻ ረፈደ። ይርፈድ።

ጥር 8

ሄደች። ሲም ካርዴን ቀይሬ ነው ብዬ ቁጥሬን በወረቀት ጻፍሁላት፤ አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

ከመሄዷ በፊት ሱቅ ገብታ ላፕቶፑን አየችው። ይሄ ነው? አለች። ይሄ ነው አልኋት። ሌላ አልተናገርንም። አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

የፋይሉን ስም ቀይሬያለሁ። ምን ዋጋ አለው፤ አሮጌው አገር አዳርሷል። ነፍስ ይማር ብለው የሰጡት ሰዎች ገንዘብ ከነከነኝ። ልጆቹ ከበሉ የተረፈው ለእድሩ ይግባ ብለን ከከማሉዲን ጋር ተስማማን።

ጥር 15

በየቀኑ ጠዋት ትደውላለች። “አለሽ?” ትላለች። “አለሁ” እላለሁ። ትዘጋዋለች። ካርድ እንዳይበላባት ይሆናል... አይደለም፣ አውቃታለሁ። ከዚያ ሌላ ቃል ከአፏ ማውጣት ገና ፈርታ ነው። እኔስ?

ጥር 23፣ ብቸና

ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቀን። ከእነ አግዳሚ ወንበሩ፣ ከእነ ትልልቅ ድስቱ። ከሜዳው ካምፕ ሁሉ የእኛን የሚያህል የለም።

ሰው ይጎርፋል። ጭፈራ ሊያይ ግን አይደለም፤ የሞተችውን ልጅ ሊያይ ነው። አንድ ሰውዬ እጄን ጨብጠው አሥር ብር አዋጥቼልሽ ነበር አሉኝ። ልመልስልዎት ብላቸው እንቢ፤ በሕይወት መኖርሽ ይበቃኛል ብለው ሄዱ። ከሉማሜ የመጡት ልጆች የናንተ ካምፕ ለምን ሰው ይበዛበታል ብለው ቀኑ። ከማሉዲን ሚስጥሩን አልነግርም አላቸው።

እናቴ አልመጣችም። ወፍጮ ቤት ሥራ በዝቷል አለች።

ጥር 24

ትህትና ዛሬ ስትጨፍር ሜዳው ሁሉ ቆመ። አምና ቤቷ ተቀምጣ ነበር። አምላኬ፣ ስንቱን ላመስግን? ሹፌሩን ያለውን፣ ባለ እንቁላሏን፣ የግንደወይኗን አሮጊት...

እናቴ ዛሬም የለችም።

ጥር 25

መጣች። ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ዕቃ መጠቅለል ሲጀምሩ። ከሥራ በቀጥታ ነው፣ ቅንድቧ ዱቄት ነው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያንን ያስገደለሽን ነገር አሰሚኝ አለችኝ።

ከማሉዲን የራሱን መግቢያ አፍሮ ዘለለው። ወፍጮው ጀመረ። ዱፍ ዱፍ ዱፍ... ልጆቹ ጥቅሉን ጥለው ተነሱ። እሷ አንገቷን ዘንበል አደረገች። በስምንተኛው ሲያነክስ እጇን አነሳች። እንደገና ሲያነክስ እንደገና።

“ይሄ የወልደ ኪዳን ወፍጮ ነው” አለች። “የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ላልቶ ነበር። በነጋታው ነው የቀየሩት።” ወደ እኔ ዞራ፣ “የሄድሽ ዕለት” አለች።

አዎ አልኋት። የሄድሁ ዕለት ጠዋት፣ በሩ ላይ ቆሜ ነው የቀዳሁት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሰፍር ነበር። ደህና ሁኚ ልላት ሄጄ፣ አፌ እንቢ ሲለኝ ስልኬን ከፍቼ ያዝሁ። ይህን እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍሁትም።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። አርባ ደቂቃ። ከዚያ ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ፤ ጫኝልኝ አለች። ቁልፏ የተበላ አሮጌ ስልክ፣ አማርኛ የማታሳይ። ስሙ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ምን ብዬ ልጻፈው? ሞጣን ልተወው? ድንኳንን ልተወው? ጠየቅኋት።

“አየሁሽ ብቻ በይው” አለች። “እሱ ይበቃኛል።”