ከነነፍሱ የቀረበው ማግኔት

ኅዳር 3

ሥራው እንደ ትናንቱ። የተጣለ ኮምፒውተር ይመጣል፤ ሃርድ ዲስኩን እፈታለሁ፤ ከውስጡ ያለውን ማግኔት ፈልቅቄ አወጣለሁ። ማግኔቱ ኒዮዲሚየም የሚባል ብርቅ ብረት አለበት። ስሙ ለአፌ እስኪገራ ሳምንት ፈጀ። የመኪና ሞተር የሚሠሩ ፋብሪካዎች እንደ ውሃ ጠምቷቸዋል አሉ።

ብረቱስ ተፈላጊ ነው... እኔስ? የሙከራ ጊዜዬ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። የወርክሾፑ ባለቤት እትዬ እስካሁን «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። «ሰነፍ»ም አላሉኝም። ይህኛው አይብስም? ቢያሰናብቱኝ፣ ተያዥ የሆነችኝ አክስቴ በምን ዐይኗ ታያቸዋለች? እኔስ በምን ፊቴ አገሬ እገባለሁ?

ኅዳር 8

አሮጌ ኮምፒውተር እንደምንገዛ ሰፈሩ ሰማ። አንዲት ወይዘሮ የባላቸውን ኮምፒውተር በአልጋ ልብስ ጠቅልለው አመጡ። አብሮኝ የሚሠራው አንጋፋ፣ ጋሽ መዶሻ፣ ሰካው። በራ።

«እሜቴ፣ ይሠራል እኮ!»

«እሱስ ይሠራል። የማይሠራው ባለቤቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ካርታ ሲጫወትበት ይውላል።»

ባልየው እያለከለኩ ደርሰው፣ እንደ ሕፃን አቅፈውት ተመለሱ።

ኅዳር 12

ነገ ማግኔቱን ለፋብሪካው የሚገዙት ተረካቢ ይመጣሉ። ደንቡ፣ ማግኔት ከመሸጡ በፊት ምድጃ ገብቶ የመሳብ ኃይሉን እስኪያጣ ይግላል። ፋብሪካው አቅልጦ እንደ አዲስ ይሠራዋልና ጉልበቱን አይፈልገውም፤ ብረቱን ነው የሚፈልገው አሉኝ። አልገባኝም... በግ ነጋዴ በጉን አርዶ ነው ገበያ የሚያወጣው?

ጋሽ መዶሻ ምሳ ሲወጣ ብርቱ ብርቱዎቹን ከምድጃ አስቀረሁ። ተረካቢው አስቀድመው እንዲያዩዋቸው ማግኔቱ ከተሞላበት ማዳበሪያ አፍ ላይ አደረግኋቸው። አይተው «ይህን ማን አዘጋጀ?» ሳይሉ ይቀራሉ?

ኅዳር 13

አልቀሩም። «ይህን ማን አዘጋጀ?» አሉ።

ተረካቢው ከእሳቸው ሆዳቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ናቸው። ወደ ማዳበሪያው ጎንበስ ሲሉ የቀበቷቸው ዘለበት ጧ! ብሎ ተጣበቀ። ቀና ማለት አቃታቸው።

«ልቀቀኝ!»

«ጌታዬ፣ እኔ አልያዝኩዎትም።»

«አንተን አይደለም፣ ይህን ነው!»

ጋሽ መዶሻ በመፈልቀቂያው ሊያላቅቃቸው ቀረበ፤ መፈልቀቂያውም ተጣበቀ። «እንግዲህ ቀበቶውን ይፍቱታ» አለ። ተረካቢው ወደ በሩ ተመለከቱ። ባለ ኮምፒውተሯ ወይዘሮ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ቆመዋል።

ፈቱ። ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መኪናቸው ገቡ። «ይህ ልጅ እዚህ እያለ ደጅሽን አልረግጥም!» ብለው እትዬ ላይ ዝተው ሄዱ።

 ማታ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። አክስቴ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ... ምን ልበላት?

ኅዳር 14

ስንብቴን ልቀበል ሄድኩ። እትዬ ከተረካቢው ጋር በስልክ እየተነጋገሩ ነበር። «እንደ ፈቃድዎ። ሌላ ተረካቢ ከማለዳ ጀምሮ ደጄ ላይ ቆሟል።» ዞር ብዬ አየሁ። ደጁ ላይ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ከምሳ በፊት መኪናው ተመለሰ። ተረካቢው ሱሪያቸውን በሲባጎ አስረው ወረዱ። ፋብሪካው «ባዶ እጅህን እንዳትመጣ» ብሏቸው ኖሯል። አንገታቸውን ደፍተው፣ የማዳበሪያው ማግኔት ሁሉ ዳግመኛ ምድጃ ገብቶ እስኪወጣ ጠበቁ። ለካ ፍላጎት እንዲህ ትዕግሥት ያስተምራል!

ሲሄዱ እትዬ ጠሩኝ።

«ብረቱ ባይፈለግ ኖሮ ከቀበቶው ጋር አንተንም እልክላቸው ነበር።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ሌሊት ተኝተሃል?»

«አልተኛሁም።»

«ደግ። ከዛሬ ጀምሮ ምድጃው ያንተ ነው። እንዲህ የሚፈራ ሰው ሳይፈትሽ አይልክም።»

ቀረሁ ማለት ነው? ልጠይቃቸው ፈለግሁ... ፈራሁ። ጋሽ መዶሻ ጀርባዬን ደለቀኝ። «ቋሚ ሆንክ እኮ፣ አንተ ፈሪ!»

ኅዳር 26

ተረካቢው መጡ። ከበሩ አላለፉም።

«ሞቷል?»

«ሞቷል፣ ጌታዬ።»

«በእናትህ?»

«በእናቴ።»

እያንዳንዱን በምስማር ፈትሼ አሳየኋቸው። ማግኔቱን ግን አላዩም። ዘለበታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው የሚመለከቱት እኔን ነው። አንድ እርምጃ ብጠጋ አንድ እርምጃ ሸሹ።

ይህን ከተማ ከረገጥኩ ጀምሮ እትዬን ፈርቻለሁ፣ ፖሊስ ፈርቻለሁ፣ የአክስቴን ድመት ሳይቀር ፈርቻለሁ። ዛሬ ሰው እኔን ፈራ።

እንዴት ደስ ይላል... ኃጢአት ይሆን?