የዲንኪቱ መልስ

መጋቢት 19 ቀን 1962 ዓ.ም.
ዝናብ። የሞያሌው መኪና አልገባም፣ ጭቃ ይዞት ይሆናል። የፍየል ቆዳ ላይ ጨው ስንነሰንስ ዋልን። ዲንኪቱ ልጄ ከጎኔ ነበረች። ቢላ የበጣው ቆዳ ካለ በእጇ ዳብሳ ታገኘዋለች፣ ሳትናገር ለብቻ ታደርገዋለች። ሃያ ዓመቷ ነው። እስከ አምስት መቁጠር ግን አልሆነላትም።

ሚስቴ ሀረገወይን የቁርባኗን ነገር ዛሬም አነሳችው። ለዳግማይ ትንሣኤ በካቶሊክ ሚሲዮኑ ልጆች የመጀመሪያ ቁርባን ይቀበላሉ። ዲንኪቱ ከትንንሾቹ ጋር ሁለት ዓመት ተምራለች... ያቆርቧት ይሆን?

መጋቢት 27
የሚሲዮኑ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ አቶ ጉግሳ ሱቄ ድረስ መጣ። ብዙ ዞሮ ዞሮ ነገሩን ተናገረ። ልጆቹን ፈትኗል፤ አሥሩ አልፈዋል፣ ዲንኪቱ ወድቃለች።

"አይክፋዎት ጋሼ። እሷኮ መልአክ ናት፣ ለመልአክ ቁርባን ምን ያደርግለታል?"

ቡራኬ ይበቃታል አለ። እስከ በር ሸኘሁት። ዕቃውን ሊከለክለኝ የፈለገ ነጋዴም መጀመሪያ ያሞግሰኛል።

መጋቢት 28
አልተዋጠልኝም። ቆዳው ተበላሽቷል ሲሉኝ ገልብጬ ሳላይ አልቀበልም። የልጄን ጉዳይ ለምን ሳላይ ተቀበልኩ?

ሄጄ ምን ብሎ እንደጠየቃት ጠየቅሁት። ከሳጥን ኅብስት አውጥቶ ለሁሉም አሳይቷል። ይሄ ምንድን ነው ሲላቸው አሥሩም "የክርስቶስ ሥጋ" ብለዋል። እሷ "ዳቦ ነው" አለች። ልጆቹ ሳቁባት።

"ኅብስቱ ተቀድሶበት ነበር?" አልኩት።

የኅብስቱን ሳጥን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

መጋቢት 30
ከዲንኪቱና ከጉግሳ ጋር ቄሱ አባ ሉቃስ ዘንድ ገባን። ፈረንጅ ናቸው፣ ኦሮምኛቸው ከአማርኛቸው ይሻላል። ከዚያው ሳጥን አንድ ኅብስት አውጥተው በኦሮምኛ ምን እንደሆነ ጠየቋት።

"ዳቦ።"

በቅዳሴ የሚሰጡትስ?

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ጌታ" አለች። ደግሞ፣ ለቄሱ የምታስረዳ ይመስል፣ "ይሄኛውን ገና አልጸለዩበትማ።"

አባ ወደ ጉግሳ ዞሩ። "ከአሥራ አንዱ ልክ የመለሰችው እሷ ናት። አሥሩን እንደገና አስተምራቸው።"

ጉግሳ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሳቄን ያዝኩት። ሰው ሲያፍር መሳቅ ለገበያም አይበጅም... እስከ ቤት ድረስ ግን እንደ ደጃዝማች ነበር የተራመድኩት።

ሚያዝያ 9
ጉግሳ ስኳር ሊገዛ መጣ። ዲንኪቱን ይቅርታ ጠየቃት። ለምን እንደሆነ አልገባትም፣ ስኳሩን ግን ራሷ ሰፈረችለት።

ሚያዝያ 25
ቆረበች።

ከፊት ያሰለፋት ጉግሳ ራሱ ነው። ልጆቹ ወገቧ ላይ ነው የሚደርሱት። "አሜን" ስትል እስከ በሩ ተሰማ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ዱሮ እንዲህ ሲያዩዋት መንገድ እቀይር ነበር። ዛሬ ይዩ ብዬ ቆምኩ።

በር ላይ እናትነሽ ጠበቀችኝ፣ በጦር ሰፈሩ የሚኖረው የሃምሳ አለቃ ሚስት። አራት ዓመት ከእኔ ስትገዛ ወንድም እንዳላት አላውቅም ነበር። ከቤት የማታወጣው፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ እንደ ዲንኪቱ የሆነ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

"ማንን ላነጋግር ጋሼ? አቶ ጉግሳን ነው አባን?"

"መጀመሪያ ዲንኪቱን" አልኳት። "ትምህርቱን እሷ ታውቀዋለች።"

ዲንኪቱ ሰምታን ኖሯል። "የት ነው ያለው?" አለች። መልስ ሳትጠብቅ ነጠላዋን አስተካክላ የጦር ሰፈሩን መንገድ ያዘች። እናትነሽ ከኋላዋ ሮጠች።