የማናልበሽ ቀዝቃዛ ቡና

ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 2004

ጠዋት ነጭ ሽንኩርቱን ኮተኮትኩ። ጎባ ዛሬም ውርጭ ነው። ከሰዓት ጎረቤታችን ኡሙሰልማ ቡና ጠራችን። ባለቤቴ ማናልበሽ አልሄድም አለች። ሐኪሙ ትኩስ ነገር ከከለከላት አሥራ ሁለት ቀኗ… በቀን ሦስቴ ቡና ስትጠጣ የኖረች ሴት! አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

ሐኪሙ ለብቻዬ የነገረኝን አታውቅም። «የጉሮሮ ቁስል ነው፣ ይድናል» ብያታለሁ። ደግ አደረግኩ? እንጃ።

ሐሙስ፣ ጥር 17

ልጃችን ቢፍቱ ከአዲስ አበባ ደወለች። እሷ በምትሠራበት ካፌ በቀዝቃዛ ውሃ የሚዘፈዘፍ ቡና አለ አሉ።

«ውሃው እሳት አይነካውም፣ አባዬ። አሳድረህ፣ አጥልለህ ትሰጣታለህ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን?»

እውነቷን ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ስኖር አንድ ሲኒ ቡና አፍልቼ አላውቅም። ለልጅቷም የነገርኳት ቁስል ነው ብዬ ነው…

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ትናንት ከሪራ የመጣልንን ቡና ቆላሁ። ግማሹ አረረ። ስወቅጥ ማናልበሽ ድምፁን ሰምታ በር ላይ ቆመች።

«ማል ጎታ? ምን እያደረግህ ነው?»

«ቡና… ላንቺ።»

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ብዙ አየችኝና ተመልሳ ገባች።

በባዶ የማር ብርጭቆ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ዛሬ ሳጠልለው ጭቃ! ደፋሁት።

ሰኞ፣ ጥር 21

«አታድቅቀው። እንደ ቅንጬ ይሁን» አለችኝ ከአልጋዋ። እንዳለችው ወቀጥኩ። በንጹሕ ጨርቅ ሁለቴ አጠለልኩት። ጥርት ያለ፣ ጥቁር ቀይ። በሲኒ ሰጠኋት።

ቀመሰች። አይኗን ጨፈነች። እኔ ጉሮሮዋን ብቻ ነበር የማየው… ወረደ። አላሳላትም።

«ጨው ቆንጠር አድርግበት» አለች። ጨው ጨመርኩ። ጨረሰችው።

ሐሙስ፣ ጥር 24

በየቀኑ እየጠጣች ነው። ምግብ ግን… ትናንት አጥሚት እንኳ አልወርድ አላት። ቀበቶዋን አንድ ቀዳዳ አጠበቀች፤ ያላየሁ መሰልኩ።

እሑድ፣ ጥር 27

ኡሙሰልማ ልትጠይቃት መጣች። ለእሷም ቀዳሁላት። «ቡና ቀዝቅዞ ይጠጣል እንዴ፣ ጋሼ መሸሻ? አላህ ያሽርልዎት!» ብላ ፊቷን እያኮማተረች ጠጣች። ማናልበሽ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው?

እንግዳዋን ሸኝቼ ስመለስ ግን ሳቁ የለም።

«ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«በሽታው ክፉ ነው፣ አይደል?»

«ማን ነው የነገረሽ?»

«አንተ። ሙቀጫ ይዘህ ያየሁህ ቀን ነው ያወቅሁት። ለቁስል ብለህማ ቡና አትወቅጥም።»

ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። እብጠቱን፣ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለባት፣ ተስፋው ትንሽ መሆኑን… ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሷ ሲኒዎቹን ትሰበስብ ነበር።

«ብቻህን ተሸክመኸው» አለች በመጨረሻ። «ሞኝ።»

እሑድ፣ የካቲት 4

ቢፍቱ ትናንት ገባች። ልነግራት አፌን ስከፍት ማናልበሽ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ራሷ ነገረቻት። ልጅቷ እግሯ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ አዲስ አበባ እንሂድ ብላ ለመነቻት።

«እሄዳለሁ። ግን ሐኪሙ የሚለውን በእኔ ፊት ይበል። እናንተን ውጭ ጠርቶ አይደለም።»

ቃል ገባንላት። የረቡዕ ትኬት ተቆርጧል።

ከሰዓት ሁለታችን ልብሷን ስናጣጥፍ፣

«ፈራህ?» አለችኝ።

ድሮ ቢሆን አልፈራሁም እል ነበር።

«አዎ።»

«እኔም» አለች።

ከዚያ ጋቢዋን ከላይ አድርጌ ሻንጣውን ዘጋሁት።