ተራ ቁጥር አምስት

ሰኞ፣ የካቲት 3

ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል ላይ ተነሳሁ። የማድ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ይንጠባጠባል፤ በደቂቃ አርባ ሁለት ጠብታ። ትናንት አርባ ነበር።

ከቁርስ በኋላ ባለቤቴ፣ «የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ቅዳሜ ትመጣለች» አለችኝ።

ለምን? አልኳት።

«እሷ ስትወለድ እናቷን ያዋለድኩት እኔ ነኝ። እናቷ እዚያው አልጋ ላይ ነው ያረፈችው። የመጨረሻ ቃሏ ምን እንደነበር ልትጠይቀኝ ነው።»

ትዝ ይልሻል?

«ጽፌዋለሁ።»

እውነት ነው፣ ጽፋለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆና ስትሠራ እያንዳንዱን ልደት መዝግባለች። ሰባት ደብተር። ምስጥ ሲጀምራቸው ጊዜ እሷ እያነበበች እኔ እየተየብኩ ሁለት ዓመት ፈጀን። ሦስት ጊዜ ካመሳከርኩ በኋላ ምስጡ ወደ መጻሕፍቴ እንዳይዛመት ደብተሮቹን አቃጠልናቸው። ሐሳቡ የኔ ነበር። አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ትልልቁ ፊደል እንኳ ይደባለቅባታል።

ሁሉም ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ቅጂው ደግሞ ፍላሽ ላይ፤ ዘወትር ዓርብ እገለብጣለሁ። ነገ ያቺን ገጽ አትማለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ኮምፒውተሩ አልነሳም። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ። የምነሳበት ነገር አላገኘሁም ይላል። አጥፍቼ አበራሁት። ያንኑ ይላል። ሦስተኛ አልሞከርኩም፤ ተማሪ ሁለቴ ተጠይቆ ካልመለሰ ሦስተኛው ንዝንዝ ነው።

ይዤው መንገድ ዳር ሱቅ ወዳላት የኮምፒውተር ጠጋኝ ሄድኩ። ተማሪዬ ነበረች፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ሁለተኛው ዴስክ።

«ቲቸር፣ ዲስኩ እየደከመ ይመስለኛል። ደጋግመው አያስነሱት። ቢተዉልኝ ደስ ባለኝ፣ ግን ይኸው…» መደርደሪያውን አሳየችኝ። አስራ ዘጠኝ ኮምፒውተር ተሰልፏል። «ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል።»

ለቅዳሜ ነው የምፈልገው አልኳት።

«እንግዲያው ራስዎ ይሥሩታ! ቡተብል ፍላሽ ይሥሩ። ኮምፒውተሩ በራሱ ዲስክ መነሳት ሲያቅተው በፍላሹ ይነሳል። ያኔ ዲስኩ ውስጥ ገብተው ፋይልዎን ያወጣሉ።»

ምርኩዝ ማለት ነው።

«ምርኩዝ ይበሉት።»

ደረጃ በደረጃ ስትነግረኝ ጻፍኩ። አስራ አንድ ሆኑ። ከታች 12 ብዬ «ገጹን ማተም» ጨመርኩ። ቅጂው ያለበት ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሁለቱንም ሥራ በአንድ ፍላሽ መጨረስ ይቻላል ብዬ አሰብኩ። እሷ ደንበኛ ልታነጋግር ዞር አለች። በሷ ኮምፒውተር ከ1 ጀመርኩ። ተራ ቁጥር 5 ላይ ረዘም ያለ ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ»። አዎ አልኩ። 6 ላይ ስደርስ ፍላሹን ከፈትኩት። የማዳኛው ፕሮግራም አለ። ሌላ ምንም የለም።

የደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ለመጻፍ የፊተኛውን ገጽ ማን ይፍቃል? አጠገቡ የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር…

ጠጋኟ መጥታ አየች። «ቲቸር፣ ሁሉም ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ አልጠየቀዎትም?»

ጠይቋል።

«መመሪያውን አላነበቡም?»

ወረቀቴን አጠፍኩ።

«የኔ ፈተና ላይ ‹ከአራቱ ጥያቄዎች ሁለቱን ብቻ ሥሩ› ይል ነበር። አራቱንም ሠራሁ። እርስዎ የፊቶቹን ሁለት ብቻ አረሙ። ሠላሳ ስምንት!»

የኋለኞቹ ሁለቱ ትክክል ነበሩ። አልረሳሁትም።

ፍላሹ ላይ የነበረውን ልታወጣ ብዙ ታገለች። ከላዩ ተጽፎበታል፤ አልሆነም። እንግዲህ የቀረው በማይነሳው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ተራ ቁጥር 7፦ ኮምፒውተሩ ሲበራ ቁልፉን በትክክለኛው ቅጽበት መጫን። ትክክለኛው ቅጽበት መቼ ነው? አልጠየቅሁም። ሁለት ጊዜ አለፈኝ። ደወልኩላት።

«አንዴ አይደለም የሚጫኑት ቲቸር። እንዳበሩት ደጋግመው! በር እንደሚያንኳኩ።»

በር የሚንኳኳው ሦስት ጊዜ ነው።

«ቤቱ እየተቃጠለ ነው ይበሉ።»

እንደዚያ አንኳኳሁ። በፍላሹ ተነሳ። ዝርዝር መጣ፦ ሜሞሪ መፈተሽ፣ ዲስክ መፈተሽ፣ ፋይል መገልበጥ፣ መነሻውን መጠገን። ከአንደኛው ልጀምር ስል ስልኩ ውስጥ ጮኸች።

«አይንኩት! መጀመሪያ መገልበጥ፣ ሌላው በኋላ። የደከመ ዲስክ በፍተሻ ላይ እንዳለ ሊሞት ይችላል።»

ሦስተኛውን ከአንደኛው በፊት ሠራሁ። ቀኑ ፋይሎቹ የት የት እንዳሉ በማየት ብቻ አለፈ።

ባለቤቴ፣ «ኮምፒውተሩስ?»

እየታከመ ነው።

«አንተስ?»

እኔ ምን ሆንኩ?

የሻይ ስኒዬን አንስታ ሄደች።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሁለት አዲስ ፍላሽ ገዛሁ። ደብተር 1 ወጣ። 2 ወጣ። 3 ወጣ። ቧንቧው ሃምሳ አንድ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

4፣ 5 እና 7 ወጡ። 6 እምቢ አለ። አስራ አንድ በመቶ ላይ ሲደርስ ማንበብ አልቻልኩም ይልና ያቆማል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ያለችው ደብተር 6 ላይ ነው። ሌላ የት ልትሆን ኖሯል!

ከምሳ በኋላ ለባለቤቴ ነገርኳት። ከተራ ቁጥር 1 ጀምሬ በቅደም ተከተል። 5 ላይ ስደርስ ድምፄ ቀነሰ መሰለኝ፤ «ጮክ በል» አለችኝ።

ጨረስኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር እንዳበላሸህ ከማክሰኞ ጀምሮ አውቄያለሁ። ሻይህ ውስጥ ስኳር እየጨመርክ ነው።»

ስኳር ካቆምኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

የእናትየውን ቃል ታስታውሰው እንደሆነ ጠየቅኳት። «ዝናብ ነበር። የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ ካርቶን ለጥፈንበታል። ልጅቷ ወዲያው አለቀሰች። እናትየው ቀና ብላ አየቻትና አንድ ነገር አለች…» እጇን ጭኗ ላይ አሸት አሸት አደረገች። «ቃሉ ግን የለኝም። ከኔ ጋር እንዳይጠፋ ብዬ እኮ ነው የጻፍኩት። ጽፌ አረፍኩ።»

ለሴትዮዋ ሌላ ቀን ትምጣ እንበላት?

«ሠላሳ ዓመት ጠብቃለች። ትምጣ። ከጠፋም ፊት ለፊት ትነግራታለህ።»

ትነግራታለህ ነው ያለችው። ትክክል ናት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ስለ ደብተር 6 ማታ ለጠጋኟ ደውዬ ነበር፤ ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት መልሳ ደወለች። «ከዝርዝሩ ታች ሌላ መገልበጫ አለ። የሚነበበውን ያነባል፣ ያቃተውን ይዘላል፤ መጨረሻ ላይ ወደ ዘለለው ይመለሳል።»

ተማሪን የምንመክረው ይህንኑ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርኩ።

ሴትዮዋ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ሁለት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ሰባ አራት በመቶ ነበር። የሆነውን ነገርኳት፤ ፍላሹን ማን እንዳጠፋው ጭምር። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች።

«እኔም አንዴ ጨው ረስቼ መቶ ሃያ ዳቦ ጋግሬያለሁ» አለች። «ሰው እየሳቀ በላው።»

ሦስታችንም ስክሪኑ ፊት ተቀመጥን። ሰማንያ ሁለት። ባለቤቴ፣ «ሕፃን ሆነሽ ጡጫሽን የሚፈታው ሰው አልነበረም» አለቻት። «አሁንም ሊጥ ላይ እንደዚያው ነኝ።» ዘጠና ስድስት። እዚያ ላይ ቆመ። ወደ ዘለለው ተመለሰ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

አለቀ። ሙሉ በሙሉ አይደለም። ፋይሉ ሲከፈት በየቦታው ፊደሉ ጠፍቶ ባዶ ሳጥን ተደርድሮበታል። የሷን ልደት፣ ቁጥር 1306ን፣ ፈለግኩ። ሰዓቱ የለም። ክብደቷ የለም። ከዚያ በታች አንድ መስመር አለ።

«አንብበው» አለች ባለቤቴ።

እንደ ቃል ጽሕፈት ሁለት ጊዜ አነበብኩ፦ እናትየው «ራሷን ሸፍኑላት፣ በዚያ መስኮት ብርድ ይገባል» አለች።

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። መስኮታችን ዝግ ነበር።

«ሌላስ?» አለች።

ሌላ የለም።

«ይበቃል» አለች። ስትወጣ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ አለችኝ። በእጄ ጻፍኩላት። ፊደሉን አሳምሬ።

እሑድ፣ የካቲት 16

አዲሱ ዲስክ ገብቷል። ኮምፒውተሩ ያለ ምርኩዝ ይነሳል። ቅጂው አሁን ሦስት ቦታ ነው፦ እኛ ቤት፣ ጠጋኟ ሱቅ፣ ዳቦ ቤት። ቧንቧውንም አሠራሁት፤ ዜሮ።

ጠጋኟ ከኮምፒውተሩ ጋር የሰጠኋትን የአስራ አንድ ደረጃ ወረቀቴን መልሳ ላከችልኝ። ተራ ቁጥር 5ን በቀይ አክብባ ጥጉ ላይ 38 ብላለች። ፊርማም አለው። ከኮምፒውተሩ በላይ ለጥፌዋለሁ። ለሷ ደግሞ ያቆየሁትን የፈተና ወረቀቷን አውጥቼ የኋለኞቹን ሁለት ጥያቄዎች አርሜ ላክሁላት። ሰማንያ ሁለት። ሃያ ዓመት ዘገየሁ።

ማዳኛውን ፍላሽ በአዲሱ ፕሮግራም ላሳድሰው ስል ያው የተራ ቁጥር 5 ጽሑፍ መጣ። እጄን ከማውሱ አነሳሁ።

ባለቤቴ ከወንበሯ፣ «ምን ይላል?» አለች። ከመስመር አንድ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት።

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«የተሰካው ፍላሽ የትኛው ነው?»

አየሁ። የደብተሮቹ ቅጂ ያለበት ነው።

«አይ በለው።»

አልኩት።