ሀኒያ በእግሯ ሄደች

ለልጄ ለሉብና፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዘንድሮ ናዝሬት ዝናቡ በርትቶ ደጁ ሁሉ ጭቃ ነው።

ስሚኝማ፣ ልጅሽ ሀኒያ ሄደች። ዓመት ከአምስት ወር ሆኗት እግሯን አለማንሳቷን ደብቄሽ ነበር፤ አደራሽን ያበላሸሁ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ። ለካ ብርድ እንዳይመታት ብዬ ሁለት ሹራብና ሦስት ሱሪ ደራርቤባት፣ በላዩ ፎጣ ጠቅልዬ የማስቀምጣት እኔው ነኝ። ትናንት ጎረቤታችን ነርሷ ኢፍቱ አየቻትና፣ «እትዬ ፋዲላ፣ እንዲህ የጠቀለሏት በሞጆ ደረቅ ወደብ ሊልኳት ነው እንዴ? እንኳን እሷ፣ እኔም በዚህ ልብስ አልራመድም» አለችኝ። ያን ሁሉ አውልቃ በአንድ ሱሪ ስታቆማት፣ ትንሽ ተንገዳገደችና አራት እርምጃ ተራምዳ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። እልልታዬን ሰምቶ አባትሽ ከሱቅ ያለ ጫማ ሮጦ መጣ። አሁንማ ማን ይይዛታል፣ ውሃ ያቆረ ቦታ ሁሉ የእሷ ሆኗል።

አንቺም የአሠሪዎችሽን ልጆች ስታበዪ የራስሽን ምሳ አትርሺ። ልልክ ነው ያልሽውን ወፍራም ጃኬት ተይው፤ በምትኩ ትንሽ ቦት ጫማ ላኪላት። የእግሯን ልክ በክር ለክቼ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ሮጣ ስትቀበልሽ ለማየት አላህ ያብቃን።

እናትሽ ፋዲላ